ኮምፒውተሩ ነው ከመባሉ በፊት፦ የአሮጌ መኪና የሞተር ኮምፒውተር ለውጥ ሲዳሰስ

አሮጌ መኪና አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። ቀጥሎ ካንዴላው፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፑ፣ ከዚያ ቦቢናው። ሁሉም ተቀይሮ ሞተሩ አሁንም ዝም ካለ ጋራዡ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ይቀራል፦ «ኮምፒውተሩ ነው»። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ማስረጃ ስለተገኘ አይደለም፤ ሌላ የሚጠረጠር ስላለቀ ነው። ባለመኪናው ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ይሄዳል፣ ተመሳሳይ የሚመስል ያገለገለ ሣጥን ገዝቶ ይመለሳል፣ ይገጠማል። ሞተሩ ወይ እንደነበረው ዝም ይላል፣ ወይ ተነስቶ ጥቂት ሰንብቶ እንደገና ይጠፋል። ገንዘቡ ግን አይመለስም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አንዴ ከተገጠመ የሚቀበል ሻጭ የለም።

የሞተር ኮምፒውተርን መቀየር ከግዢ በፊት የምርመራ ሥራ ነው። አሮጌውን የገደለው ነገር ሳይገኝ የሚገባ ኮምፒውተር ተረኛ ሟች ነው። ሞተ የተባለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሞትም፤ ቦርዱ ላይ ካሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው የተበላሹት።

ይህ ሣጥን ወደ መኪና የገባው ለነዳጅና ለጭስ ሲባል ነው። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ ሲያወጣ ውስጡ ትራንዚስተር እንጂ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒውተር አልነበረም። በ1979 ሞትሮኒክ በቢኤምደብሊው 732አይ ላይ ሲመጣ ነዳጁንና ብልጭታውን አንድ ዲጂታል ሣጥን ማዘዝ ጀመረ። አሜሪካ በ1970 ያወጣችው የንጹሕ አየር ሕግ ኩባንያዎቹን ጭስ ማጣሪያ ወዳለው መኪና ገፋቸው። ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ደግሞ ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ ካርቡራተር ያንን ልክ ከሰከንድ ሰከንድ ጠብቆ ሊሄድ አልቻለም። ጄኔራል ሞተርስ በ1981 በአሜሪካ በሚሸጣቸው የቤንዚን መኪኖቹ ላይ ኮምፒውተር ማስገባቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ለእኛ አገር ከጭሱም በላይ የሚጠቅመው ሌላው ባሕርዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ ልክ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጉልበት ያሳጣል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ግን የሚገባውን አየር በሴንሰር ለክቶ የቤንዚኑን መጠን ራሱ ይቀንሳል፤ ወደ አዋሽ ሲወርድም መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩን አውጥተን ካርቡራተር እንግጠምበት» የሚለውን ምክር ስሰማ አልስማማም። ሞተሩን ያስነሳው ይሆናል፤ ነገር ግን ለደጋ አገር የሚበጀውን ነገር አውጥቶ ይጥላል።

እዚህ ላይ የትኛው መኪና ኮምፒውተር እንዳለው መለየት ያስፈልጋል። በድሮ ሃይኤስና በድሮ ሂሉክስ ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የናፍጣ ሞተሮች ነዳጅ የሚመጥኑት በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ለመነሳትም ሆነ ለመሄድ የሞተር ኮምፒውተር አይጠብቁም። ዲ-ፎር-ዲ የሚባሉት፣ እነ 1ኬዲና 2ኬዲ፣ ያለ ኮምፒውተር አንዲት ዙር አይዞሩም። በእነዚህ ላይ ደግሞ ከዋናው ኮምፒውተር ሌላ ኢዲዩ የሚባል ሣጥን አለ። ሥራው ከባትሪው ቮልቴጅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ፈጥሮ ኢንጀክተሮቹን መክፈት ነው። ኢዲዩው ሲበላሽ አራቱም ኢንጀክተሮች አንድ ላይ ዝም ይላሉ፤ ይህን ያየ ባለሙያ ዋናውን ኮምፒውተር ቢጠረጥር አይገርምም። ሁለቱ ሣጥኖች ግን በዋጋም በሥራም የተለያዩ ናቸው፤ ሳይለዩ መግዛት ኪሳራ ነው።

ኮምፒውተሩ በምን ይሞታል? በዕድሜ ከሚመጡት ምክንያቶች ዋናው ካፓሲተር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ቦርዶች ላይ ያሉት ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተሮች ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ዓመታት ቆይቶ ይፈሳል፣ በቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላል። የዚያን ዘመን ሚትሱቢሺዎች፣ ጋላንትንና ኤክሊፕስን ጨምሮ፣ በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። ክዳኑ ሲከፈት እንደ ዓሣ የሚሸት ከሆነና ከካፓሲተሩ ሥር ቡናማ ወይም አረንጓዴ እድፍ ከታየ ሌላ ምልክት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ሙቀት ይህን ያፋጥናል፤ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የእንዲህ ያለው ካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ከአዲስ አበባው ቀድሞ ቢታመም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የሶልደር መሰንጠቅ ነው። ቦርዱ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ኮረኮንች መንገድና ጉድጓድ ደግሞ ያንቀጠቅጡታል። ለዚህ ትልቁ የታወቀ ምሳሌ ቶዮታ ራሱ ያመነው ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ኩባንያው ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላዎችንና ማትሪክሶችን በሰሜን አሜሪካ ጠርቶ ኮምፒውተራቸው እንዲቀየር አደረገ። በቦርዱ ላይ አንዳንድ የሶልደር ነጥቦች፣ ወይም ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅን የሚከላከለው ቫሪስተር የተባለው ክፍል፣ ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ ተረጋግጦ ነበር። ውጤቱ መኪናው አለመነሳት፣ ማርሽ ሲቀይር መንገጫገጭ፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ መጥፋት ነው። በዓለም እጅግ ከተሸጡት መኪኖች አንዱ ላይ ከደረሰ በሌላው ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች የዚያ ዘመን ኮሮላ ስትገዙ በሻሲ ቁጥሩ ጥሪው ተፈጽሞለት እንደሆነ ማጣራት ትችላላችሁ፤ ያንን መኪና ወደ አገር ቤት ለመላክ ለሚያስብ ደግሞ ማጣራቱ ግድ ነው።

የቀሩት ምክንያቶች የሰው እጅ ያለባቸው ናቸው። ላቫጆ ውስጥ ኮፈኑ ተከፍቶ በግፊት ውኃ የታጠበ ሞተር፣ ከፊት መስታወት ሥር ሾልኮ የገባ የዝናብ ውኃ፣ በሌላ መኪና ባትሪ ሲነሳ ቀይና ጥቁሩ የተገላበጠ ገመድ፣ ባትሪው ሳይፈታ የተበየደ ሻሲ፣ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ከ15 ቮልት በላይ የሚልክ ዲናሞ። ከሁሉም የሚከፋው ግን በውስጡ የተቃጠለ ቦቢና ወይም ኢንጀክተር ነው። እነዚህን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር ቦርዱ ላይ ነው ያለው፤ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ከተነካካ ትራንዚስተሩ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ይቃጠላል። አዲስ የገባው ኮምፒውተር ጥቂት ቀን ሠርቶ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የኢንጀክተር ሽቦ በቴስተር ሲለካ ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ከአራቱ አንዱ በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ ገዳዩ ተገኝቷል ማለት ነው። አራት ኢንጀክተር መለካት ደግሞ ሻይ እስኪቀርብ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ማረጋገጫው ልግባ፤ ገንዘብም ሆነ መኪና የሚድነው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምስክር የቼክ ኢንጂን መብራት ነው። ቁልፉ ወደ ኦን ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ይህ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ኃይል አላገኘም፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሞቷል። ከሦስቱ የሚበዛው መካከለኛው ነው። ኢኤፍአይ ተብሎ የተጻፈበት ፊውዝና ሪሌ፣ ከባትሪው ዘወትር የሚመጣው መስመር፣ በቁልፍ የሚመጣው መስመር፣ ከሞተሩ ብረት ጋር የታሰረው ግራውንድ፣ እነዚህ ሁሉ በኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ መለካት አለባቸው። ግራውንዱን ያለ ጭነት መለካት አያጠግብም። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ በኮምፒውተሩ ግራውንድና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ አሥረኛ ወይም ከሁለት አሥረኛ ቮልት መብለጥ የለበትም። የዛገ አንድ ብሎን ብዙ ኮምፒውተር ያስቀይራል። ደካማ ባትሪም እንዲሁ ነው፦ በማስነሳት ጊዜ ቮልቴጁ ከ9 በታች ሲወርድ ደህና ኮምፒውተርም ሊደናገርና ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ሁለተኛው ምስክር 5 ቮልቱ ነው። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ በውስጡ የሚያዘጋጀው የ5 ቮልት መስመር አለ፤ የቤንዚን መስጫውን አቀማመጥ በሚያሳየው ሴንሰር ሶኬት ላይ ይገኛል። 5 ቮልት ካለ የኮምፒውተሩ የውስጥ ኃይል ክፍል በሕይወት አለ። ከሌለ ወዲያው ሞቷል ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሶ መለካት ያስፈልጋል። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው ያ ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው። የአንድ ሴንሰር ጥፋት መላውን መስመር ሊያወርድ ስለሚችል ይህን ሳያደርጉ ኮምፒውተር መቀየር በዓይነ ስውር ሐኪም መታከም ነው።

ሦስተኛው ምስክር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ዲያግኖስቲክ መሣሪያ ነው። «መሣሪያው ከኮምፒውተሩ ጋር አልተገናኘም፣ ስለዚህ ሞቷል» የሚለውን መደምደሚያ የሰማ ባለመኪና መጠየቅ ያለበት መኪናው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ነው። አሜሪካ ኦቢዲ-2 የተባለውን ወጥ የምርመራ ቋንቋ በ1996 ሞዴል፣ አውሮፓ ተመሳሳዩን ለቤንዚን መኪና በ2001 ግዴታ አደረጉ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ መጀመሪያ ቶዮታዎች ግን ባለ 16 ፒን ሶኬቱ ቢኖራቸውም ብዙዎቹ በተለየ ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት፤ ርካሽ መሣሪያ አያነባቸውም። ለእነዚህ የድሮው ዘዴ ይሠራል፦ ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሣጥን ላይ ቲኢ1ንና ኢ1ን በሽቦ ማገናኘትና ቁልፉን ኦን ማድረግ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ራሱ ይቆጥራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከበራና ከጠፋ ስሕተት አልተመዘገበም ማለት ነው። ኮድ 12 ወይም 13 ከሰጠ የሞተሩ ዙር ምልክት አልደረሰውም፤ ይህ የሚጠቁመው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ወይም ወደ ዙር ሴንሰሩ እንጂ ወደ ኮምፒውተሩ አይደለም። ቆጥሮ መናገር የቻለ ኮምፒውተር ደግሞ ቢያንስ በከፊል በሕይወት አለ።

ይህ ሁሉ አልፎ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ እንደሆነ ከተረጋገጠ አራት መንገድ አለ፤ እኔ በቅድሚያ የማስቀምጠው ብዙዎች የሚዘሉትን ነው፣ ቦርዱን መጠገን። የፈሰሰ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ሶልደር፣ የተቃጠለ ትራንዚስተር ሊቀየሩ የሚችሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከኮምፒውተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ከሁሉ በላይ የመኪናው ማንነት፣ የቁልፉ ምስጢርና ማስተካከያው ሁሉ በቦታው ይቆያል። ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን እጅ ይህን ሥራ መሥራት ይችላል፤ የጎደለው የመኪና ኤሌክትሪሺያኑና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ አንድ ጠረጴዛ ላይ አለመገናኘታቸው ነው። ጥገና የማያዋጣው ውኃ ገብቶ ውስጠኛ መስመሮቹን በበላው፣ ወይም ዋናው ፕሮሰሰር በተቃጠለበት ቦርድ ላይ ነው።

ያገለገለ መግዛት ሁለተኛው ነው፤ እዚህ ሁሉም ነገር በቁጥር ይወሰናል። የቶዮታ ሞተር ኮምፒውተር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል፣ የሆንዳ በ37820፣ የኒሳን በ23710። የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ዓይነት ብቻ ይናገራሉ፤ መኪናውን፣ ሞተሩንና ገበያውን የሚለዩት ከሰረዙ በኋላ ያሉት ናቸው። ሻጩ «ያው ነው፣ ኮሮላ ነው» ቢል አይበቃም። ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራው ለጃፓን ወይም ለአሜሪካ ከተሠራው የተለየ የኦክስጅን ሴንሰር ሊጠብቅ ይችላል። የማኑዋል መኪና ኮምፒውተር በአውቶማቲክ ላይ ከገባ፣ ብዙዎቹ ሣጥኖች ካምቢዮውንም ስለሚያዙ፣ ማርሽ አይቀየርም። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ፒኖቹ አንድ ናቸው ማለት ስላልሆነ፣ በማይገባ ፒን ላይ 12 ቮልት የደረሰበት ሣጥን ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ሙሉ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነም የትኛው ቁጥር በየትኛው እንደተተካ ከኩባንያው የመለዋወጫ ማውጫ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው ክሎን ነው፦ ከአሮጌው ኮምፒውተር ፕሮግራሙንና ምስጢሩን አንብቦ በሌላ ተመሳሳይ ሣጥን ላይ መጻፍ። ድሮ ይህ በእጅ የሚሠራ ነበር። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የጄኔራል ሞተርስ ኮምፒውተሮች ማስተካከያቸውን ተነቃይ በሆነች ቺፕ ውስጥ ስለያዙ፣ ባለሙያው ሣጥኑን ቀይሮ ቺፗን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛውራት ነበር። ያ አሠራር ለተጠቃሚው የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ። አራተኛው መንገድ የራስን ኮምፒውተር መትከል ነው። ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የጀመሩት ሜጋስኩዊርት፣ ቀጥሎም በአርዱዊኖ ላይ የተሠራው ስፒዱዊኖ ይህን ለግለሰብ የሚቻል አድርገውታል። ዕቃው የማይገኝለት ብርቅ መኪና ላለው ሰው መፍትሔ ነው፤ ለሚሠራበት ታክሲ ግን አልመክርም። ጥሩ አስተካካይ ካልተገኘ፣ አዲስ አበባ ላይ የተመጠነው ቤንዚን ቆላ ሲወርድ አንሶ ሞተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛውን ሰው መጨረሻ ላይ የሚይዘው ኢሞቢላይዘር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኦክቶበር 1998 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጎታል፤ በቁልፉ ውስጥ ያለች ቺፕና መኪናው ካልተዋወቁ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል ወይም ጭራሽ አይነሳም። በአንዳንድ ቶዮታ ምስጢሩ በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ባለች ስምንት እግር ያላት ትንሽ ሜሞሪ ላይ ነው ያለው። ያቺን ሜሞሪ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ነገሩን ይጨርሰዋል። ለብቻው የኢሞቢላይዘር ሣጥን ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ባለ 16 ፒኑ ሶኬት ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ፒን አገናኝቶ ቁልፉን ኦን አድርጎ ለ30 ደቂቃ መተው ሁለቱን ሣጥኖች ያስተዋውቃቸዋል። የ1990ዎቹ ፊያት ባለቤት ቀዩን ዋና ቁልፍ ከጣለ ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ አልነበረውም። ይህ ጥበቃ ለሌባ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ የሚፈታ ባለሙያም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊብሬና መታወቂያ ማየት አለበት። ምንጩ ያልታወቀ ኮምፒውተር የገዛ ሰው የሌላውን መኪና ስርቆት እየከፈለበት ሊሆን ይችላል።

በሌላው ዓለም የመኪናን ኮምፒውተር ማን ይጠግናል የሚለው ክርክር ከጋራዥ ወጥቶ ሕግ አውጪ ዘንድ ደርሷል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ኩባንያዎች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለገለልተኛ ጋራዥም እንዲሰጡ ሕግ አወጣች። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በ2015 ባለመኪና ለጥገና ሲል የመኪናውን ሶፍትዌር ቢከፍት የቅጂ መብት ጥሰት እንዳይሆን ፈቀዱ። እኛ ዘንድ ጥያቄው ከዚያም ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። አሁን መንገድ ላይ ያለው ቪትዝ፣ ኮሮላና ሃይኤስ ገና ለብዙ ዓመት ቤተሰብ ሊያስተዳድር ነው። ቦርዶቻቸው በየዓመቱ ያረጃሉ፤ ካረጁ መኪኖች የሚፈታው ኮምፒውተርም እንደዚያው ያረጀ ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የመኪና ኤሌክትሪክን ከቦርድ ጥገና ጋር አንድ ላይ ካላስተማሩ፣ ነገ የሚቆሙት መኪኖች ሞተራቸው ጤነኛ ሆኖ በአንዲት ካፓሲተር ምክንያት ነው የሚቆሙት።

ኮምፒውተሩ ተጠግኖም ይሁን ተቀይሮ ከገባ በኋላ የሚቀሩ ሥራዎች አሉ። ከመግጠም በፊት ባትሪው ይፈታል። ቦቢናውና ኢንጀክተሮቹ ተለክተው፣ የዲናሞው ቮልቴጅ ከ13.5 እስከ 14.7 መካከል መሆኑ ታይቶ ነው ሶኬቱ የሚገባው። እንደ ዲ-ፎር-ዲ ባለው የኮመን ሬይል ናፍጣ ሞተር ላይ የየኢንጀክተሩ የማስተካከያ ኮድ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ካልተመዘገበ ሞተሩ ሸካራ ድምፅ ያሰማል፣ ያጨሳል። የቤንዚን ሞተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዝግታ ዙሩ ቢዋዥቅ አያስደነግጥም፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጠባይ እስኪማር ነው። አሮጌው ሣጥን ግን አይጣል፣ ለሻጭም በለውጥ አይሰጥ። የቁልፉ ምስጢር በውስጡ ነው፤ አዲሱ አንድ ቀን እምቢ ካለ ለጥገናም ሆነ ለክሎን የሚነበበው እሱ ነው። ክዳኑ ላይ ቀኑንና የተገኘበትን ጥፋት ጽፎ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው።